የታሸገው ማርሽና የልጅ ልጄ

ተወለደች። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም፣ ፀጉሯ ጥቁር፣ ድምጿ ከአውቶቡስ ጥሩምባ የማይተናነስ ሴት ልጅ ዓርብ ማለዳ፣ ሐምሌ 10 ቀን፣ ጎንደር ላይ ተወለደችልን፤ እናቷም ደኅና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። ሰላምታ ማስቀደም እንደነበረብኝ አላጣሁትም፤ አፌ አልጠብቅ ብሎኝ ነው።

አሁን በወጉ ልጀምር።

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ስምሪት ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎ፣ ማኅተምዎ፣ ሁሉም በያሉበት ደኅና ናቸው? የእርስዎንም የመሥሪያ ቤትዎንም ስም የማልጽፈው ከአክብሮት የተነሣ ነው፤ ጎንደር ውስጥ ደግሞ ከማራኪ እስከ አዲስ ዓለም ስለ ማን እንደምጽፍ የሚጠፋው ሰው ይኖራል ብዬ አልሰጋም።

እኔ አዲስ ዓለም ጨርቅ የምሸጠው ፈህሚያ አብዱልመናን ነኝ፤ በእርስዎ መሥሪያ ቤት መካነ ብርሃን የተመደበችው የእንስሳት ጤና ባለሙያ የዐዚዛ እናት። ልጄን ለወሊድ ወደ ባሏ ወደ ሐቢብ ላመጣት ሄጄ፣ ያለፈው ሐሙስ በመሥሪያ ቤትዎ ማኪና አብረን ተመለስን። ያመጣን ሾፌር ምናለ ይባላል። ዛሬ ሰኞ ጠዋት ለዚሁ ምናለ ሦስት ጥፋት የተዘረዘረበት ደብዳቤ ደርሶታል፤ የፊታችን ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ዲስፕሊን ኮሚቴ ፊት እንዲቀርብ፣ ጥፋቱ ከተረጋገጠም ከሥራ እንደሚሰናበት ይገልጻል። የአራት ልጆች አባት ነው። ሦስቱንም ጥፋቶች ከኋላ ወንበር ቁጭ ብዬ በዓይኔ ያየሁ ምስክር እኔ ስለሆንኩ፣ ኮሚቴው እንዳይደክም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ መዘግየቱ። በደብዳቤዎ የአምስት ሰዓት መንገድ በአሥራ አንድ ሰዓት ተጓዘ ብለዋል፤ ሰዓት አቆጣጠርዎ የሚደነቅ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ያን ዕለት እኔም ከእርስዎ ጋር በአንድ ሐሳብ ነበርኩ። ከመካነ ብርሃን ወጣ እንዳልን ዐዚዛን ምጥ ጀመራት፤ እኔም መቀመጫው እሳት ሆነብኝ። ምናለ ግን ጭቃ ባየ ቁጥር ይወርዳል፣ በዱላ እየወጋ ይረግጠዋል፣ ተመልሶ ይነዳል። ወንዙ ጋ ስንደርስ ውሃው ሞልቶ ነበር፤ ሰውዬው ዳር ላይ ድንጋይ አኖረና ቆሞ ያየው ጀመር። ቀንድ አውጣ አልኩት፣ ሌላም ሌላም ጨመርኩበት። እትዬ ፈህሚያ፣ ውሃው ድንጋዬን ሲተወው እንሻገራለን፣ እስከዚያ ጆሮዬ ሥራ ስለሌለው ይስደቡኝ አለኝ። ከኋላችን የመጣው አይሱዙ ግን እንደ እኔና እንደ እርስዎ ቸኳይ ነበርና ሳይጠብቅ ገባ፤ መሐል ላይ ሞተሩ ጠፋ፣ ሰዎቹን በገመድ ጎትተው አወጧቸው፣ የጫነውን ገብስ ወንዙ ወሰደው። ከዚያ ወዲያ አፌን ዘጋሁ፤ የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ብቻ ተአምር ነው ይላሉ። ሁለት ሰዓት ተኩል ጠብቀን ድንጋዩ ደረቀ፣ ተሻገርን።

2. ስለ ጎማው። ያልተፈቀደ የግል ዕቃ በመንግሥት ተሽከርካሪ ላይ ጫነ ይላል። የግል ዕቃ የተባለው ምናለ ከጓደኛው የተዋሰው አሮጌ መለዋወጫ ጎማ ነው። የመሥሪያ ቤቱ መለዋወጫ፣ ከገመዱና ከአካፋው ጋር፣ እንዳይሰረቅ ተብሎ ጎንደር ግምጃ ቤት ተቆልፎበታል። በዚህ ጥንቃቄዎ እጅግ አመሰግናለሁ፤ እኛ ዳገቱ ላይ የፈነዳ ጎማ ይዘን፣ ከጎማው ኋላ ድንጋይ ደግፈን በተዋሰው ጎማ ስንቀይር፣ የእርስዎ ጎማ ዝናብ ሳይነካው ተኝቶ እንደነበር ሳስበው ልቤ ያርፋል። ልጄ በምጥ መሐል እየሳቀች፣ የእኔም ፈቃድ እዚያው ከጎማው አጠገብ ሳይሆን አይቀርም አለች። የወሊድ ፈቃድ ማመልከቻዋ ከግንቦት ጀምሮ ፊርማ ይጠብቃል። ይህ በክሱ ውስጥ የለም፤ እግረ መንገዴን ነው ያነሣሁት።

3. ስለ ማኅተሙ። ያለ ፈቃድ የታሸገ ማርሽ ፈታ ይላል። አንባቢ እንዲያውቀው፦ አራቱም ጎማዎች እንዲጎትቱ የሚያደርገው ማርሽ ናፍጣ ይበላል ተብሎ፣ በክቡርነትዎ ትእዛዝ እንደ መብራት ቆጣሪ በሽቦ ታስሮ በእርሳስ ማኅተም ታሽጓል። ማስፈታት የፈለገ ሾፌር ጎንደር መጥቶ ቅጽ ይሞላል፣ ሦስት ሰው ይፈርምለታል። የቧሂት ተራራ ጫፍ ላይ ስንደርስ ጉም ከፊታችን ያለውን ሁሉ ውጦት ነበር፤ ቁልቁለቱ እንደ ቅቤ ያንሸራትታል፣ በግራችን ገደል፣ ስልክ አይሠራም። ምናለ ገና ቁልቁለቱን ሳይጀምር ቆመ። ማርሹ የሚገባው ከላይ ነው፣ ከተንሸራተቱ በኋላ የለም፤ ፍሬን ብቻ ይዤ ልጅዎን አላወርድም አለ። ከዚያ ማኅተሙን አየና እጁን መለሰ። የሰውዬውን ዓይን ሳይ አራት ልጆቹን እየቆጠረ እንደሆነ ገባኝ።

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣ መቀሱ የእኔ ነው። ከቦርሳዬ አውጥቼ በእጁ ያስያዝኩት እኔ ነኝ፤ ሽቦውን አብረን ቆረጥነው። መቀሴ ከዚያ ወዲህ ሻሽ እንኳ አይቆርጥም። ከዚያም ማርሹን አስገብቶ እግሩን ከፍሬኑ አነሣ፤ ማኪናዋ በገዛ ሞተሯ እየተያዘች እንደ ሽማግሌ አዝግማ ወረደች። ቁልቁለቱ አልቆ ጨነቅ የሚባለው ቦታ ስንደርስ ሁላችንም ተነፈስን። እንግዲህ ክሱን ሲያርሙ ከምናለ ስም ቀጥሎ የእኔን ስም እንዲያስገቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ ሕግ ባለበት አገር ግብረ አበር እንዲህ በነጻ መንገድ ላይ ሲመላለስ ማየት ያሳፍራል።

በመጨረሻም፣ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት በዚያ መንገድ በሁለት ጎማ ብትወርድ ምን ያህል ናፍጣ እንደሚተርፍ አስቀድመው ላሰሉልን ለእርስዎ፣ እጅዎ ከፊርማ እንዳይደክም፣ ጠረጴዛዎም ተዳፋት እንዳያጋጥመው እየተመኘሁ፣

የማይለይዎ አክብሮት ያላት፣
ፈህሚያ አብዱልመናን፣ የመቀሱ ባለቤት
ጎንደር፣ ሐምሌ 13 ቀን 2001 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለመናኸሪያው ሾፌሮች በሙሉ
ለሰፈራችን ዕድር
ገብሱን ወንዝ ለወሰደበት የአይሱዙ ባለቤት

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ የተቆረጠው ማኅተም የመንግሥት ንብረት ስለሆነ በዚህ ፖስታ ውስጥ መልሻለሁ፤ ተቀብያለሁ ብለው ይፈርሙልኝ። ሌላው፣ የሕፃኗ ሰባተኛ ቀን ስም የሚወጣበት የዐቂቃ ድግሷ ሲሆን፣ ምናለ ሳይኖር አይደረግም ብላ ዐዚዛ ምላለች። እሱን ደግሞ በዚያው ቀን እርስዎ ጠርተውታል። ስለዚህ ተመካክረን ድግሱን ወደ ቢሮዎ ግቢ አዛውረነዋል። ሁለት በግ ንጋት ላይ ቤት ይታረዳል፤ አንዱን ሸኽ ዐብዱልከሪም፣ ሌላውን ለምናለና ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የሰፈራችን ሽማግሌ አያ ፋንታሁን ይባርኩታል፤ ቀኑም ጾም አይደለም፣ ምክንያት የለም። ወንበር ከዕድሩ ይመጣል፤ ሾፌሮቹም መጥተው ስለ ማርሹ ለኮሚቴው እንደሚመሰክሩ ቃል ገብተዋል። የልጅቷ ስም እዚያው ኮሚቴው ፊት ይወጣል። እርስዎም እንዳይቀሩብን፤ ከቤትዎ እስከ ቢሮዎ አስፋልት ስለሆነ ማርሽ ማስፈታት አያስፈልግዎትም። ያነበበም የሰማም ሁሉ ይምጣ፦ ሐሙስ፣ ሐምሌ 16 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት።