ከቆቡ ሥር

ኅዳር 3

የአማቴ የእማሆይ ትኩሳት ሠላሳ ዘጠኝ ደርሷል።

ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ጤና ጣቢያ ወባ የለም አሉ፤ የታይፎይድ መድኃኒት ሰጧቸው። ራስ ምታት፣ ቁርጥማት፣ ምግብ መጥላት። እሳቸው የሚጠይቁት ስለ ኤሊዋ ነው። «ጎመኗን ሰጣችኋት?»

ለከብት ክትባት ዓባይ በረሃ ወርጄ ያመጣኋት እኔ ነኝ። አንገቷ እጥፋት ውስጥ የነበረውን መዥገር በወረንጦ ለቅሜላታለሁ።

ኅዳር 4

መድኃኒቱ አልያዘላቸውም። ባለቤቴ ስንዱ ስታጥባቸው ማጅራታቸው ላይ ጥቁር ነገር ዳሰሰች። «ማርያም የሳመቻቸው ናት፤ ዱሮም ነበረች» አለችኝ። አለፍኩት።

ማታ ትዝ አለኝ። የለቀምኩትን መዥገር ጓሮ ሣሩ ላይ ነው የጣልኩት። እማሆይ ፀሐይ የሚሞቁት እዚያው ነው። ገበሬውን ግን «ነቅለህ ግደለው እንጂ አትጣለው» እያልኩ እመክራለሁ።

ኅዳር 5

ቆብዎን ያውልቁልኝ ብዬ ለመንኳቸው። መነኩሲት ናቸው፤ ወንድ ፊት አያወልቁም። ጤና ጣቢያም አላወለቁም።

«አንተ የከብት ሐኪም፣ ምኔን ልታይ ነው?»

እኔ በር ላይ ቆምኩ፤ ስንዱ ማጅራታቸውን በስልኳ ፎቶ አነሳች። ፎቶው ላይ ጥቁሩ ሁለት ነው። አንዱ ማርያም የሳመቻቸው። ሌላው ዙሪያው የቀላ ቅርፊት፤ ከሥሩ ንፍፊት አብጧል። መዥገር ነክሶ የለቀቀው ቦታ።

ፎቶውን ይዤ ጤና ጣቢያ ሮጥኩ። ኤሊዋንም፣ መዥገሩን የት እንደጣልኩም ሳልደብቅ ተናገርኩ። ሐኪሟ መድኃኒቱን ቀየረችው። «በሦስት ቀን ካልወረደ ሆስፒታል ነው» አለች።

ኅዳር 7

ሠላሳ ሰባት ተኩል። ሾርባ ጠጡ። ጥፋቴን ነገርኳቸው። «ላም ብሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ትፈትሸኝ ነበር» ብለው ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ስንዱ ኤሊዋ ትገደል አለች። እማሆይ ተቆጡ። «እሷ ምን አደረገች? ካመጣሃት ቦታ መልሳት።»

ኅዳር 8

ጠዋት ትኩሳታቸው ትንሽ ጨምሯል። «ሂድ፣ እኔ አለሁ» አለችኝ ስንዱ። ኤሊዋን በጆንያ ይዤ ወደ በረሃ የሚወርድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

እስኪሞላ ጆንያውን ከፈት አድርጌ አየኋት። የኋላ እግሯ ብሽሽት ውስጥ፣ ያልፈተሽኩት ቦታ፣ ሁለት መዥገር። ሆዳቸው ተነፍቷል። የምለቃት የሰው ከብት ከሚውልበት ነው።

ሹፌሩ ሞተር ሲያስነሳ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ።

«ምነው ጋሼ፣ አይሄዱም እንዴ?» አለችኝ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት።

«ወረንጦ ረስቼ» አልኳትና ጆንያዬን አቅፌ ወረድኩ።