ስለ አንድ የበረሃ የእሳት እራትና ስለ ክቡርነትዎ አውራ ጣት

ለነፍሳት ጥናት ተቋም ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ በተለይም የቀኝ እጅዎ አውራ ጣት፣ የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ እሱ ነውና፣ ከቁርጥማት፣ ከስንጥርና በበር ከመቆንጠጥ ተጠብቆ እንዲቆይልን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሰባ ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ ጡረተኛ ሰዓት ሠሪ ነኝ፤ እርስዎ አያውቁኝም። በተቋምዎ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ጎን ባለችው መስኮት የለሽ ክፍል ተቀምጣ የእሳት እራት የምታጠናው ወጣት የልጅ ልጄ ናት። እሷንም አላውቃት ቢሉ አልፈርድብዎትም፤ አራት ዓመት ሙሉ ኮሪደር ላይ ሲያገኟት “አንቺ የቢራቢሮዋ” እያሉ ነው የሚጠሯት።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴ ድፍረት እንዳይመስልብኝ። ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ ይዤው መጥቼ፣ ጸሐፊዎ ሦስቱንም ጊዜ “አባባ፣ ስብሰባ ላይ ናቸው” ብላ መልሳኛለች። በሦስተኛው ቀን በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር፣ ስብሰባው ከወንበርዎ ጋር ብቻ እንደነበረና ሁለታችሁም ደኅና እንቅልፍ እንደወሰዳችሁ በዓይኔ አይቻለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። የልጅ ልጄ በረሃ ለበረሃ ተመላልሳ፣ ነጭ አንሶላ ወጥራ መብራት እያበራች፣ ዝናብ ከጣለ በኋላ ለጥቂት ቀናት ብቻ ብቅ የሚል፣ እስከ ዛሬ ማንም ያልመዘገበው አንድ የእሳት እራት ያዘች። በአራት ዓመት አንድ። መልኩ አመዳም ነው፤ ላላስተዋለው ሰው ከታወቀው ዘመዱ ጋር አንድ ነው። የዘመዱ ክንፍ ላይ ግን ከዳር እስከ ዳር የሚዘልቅ ነጭ መስመር አለ፤ እሷ በያዘችው ላይ መስመሩ መሃሉ ላይ ተቋርጦ፣ በክፍተቱ አንዲት ጥቁር ነጥብ ተቀምጣለች። አዲስ ዝርያ ለመባል እሷ የጻፈችው ገለጻ በኮሚቴዎ ጸድቆ መታተም ነበረበት። ካልታተመ ያ ፍጡር ከዘመዱ ጋር ተደባልቆ እንዳልነበረ ይቀራል፤ የልጅቷም ድካም አብሮት። ኮሚቴዎ ባለፈው ወር ውድቅ አድርጎታል። ስለዚህ ውለታዎን በተራ ቁጥር ላመሰግን ተነሥቻለሁ።

፩ኛ፦ እንግዶች ተቋሙን በጎበኙ ዕለት፣ ክዳኑ ላይ በቀይ “አይነካም” ተብሎ የተጻፈበትን ሣጥን ራስዎ ስለከፈቱላቸው አመሰግናለሁ። ማንበብ እንደሚችሉ አልጠራጠርም፤ ጽሑፉ ለሌላ ሰው የተጻፈ መስሎዎት ይሆናል። ናሙናው የተወጋበትን ስፒል ይዞ ማንሳት ሲቻል፣ እርስዎ ክንፉን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጠው ብድግ አደረጉት። የእሳት እራት ክንፍ ላይ ያለው ቀለም ብናኝ ነው ክቡር ሆይ፤ ይህን መብራት ያለው ቤት ውስጥ ያደገ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። መስመሩም ነጥቡም ጣትዎ ላይ ቀሩ። እርስዎም ጣትዎን አይተው፣ “አቧራ አለበት” ብለው፣ በመሐረብዎ ጠረጉት። በዓለም ላይ አንድ ብቻ የነበረው ያ መስመር ከክቡርነትዎ ላብ ጋር ወደ ልብስ አጣቢ ቤት ሄደ።

፪ኛ፦ ለመልካም ሥነ ምግባር ስላለዎት ቅንዓት። ፊታቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዓቶች ከጀርባ ሲከፈቱ እንደሚለዩ ሁሉ፣ የእሳት እራትም በመራቢያ አካሉ ይለያል፤ በመላው ዓለም ያሉ የዘርፉ ሰዎች የሚሠሩት እንደዚያ ነው። ልጅቷ ያንን ከሰሊጥ ፍሬ ያነሰ ነገር በማይክሮስኮፕ እያየች፣ ሁለት ሳምንት ፈጅታ ሣለችው። እርስዎ የሚመሩት ኮሚቴ ግን ሥዕሉን “ለተቋሙ ክብር የማይመጥን” ብሎ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ አስወጣው። እኔ የሰባት ልጆች አባት ነኝ፤ በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ ይህን ያህል ትንሽ ነገር ስድስት ጎልማሶችን በአንድ ጊዜ ሲያሳፍር አላየሁም።

፫ኛውን ባለቤቴ አንብባው፣ “ይህን ካወጣህ እኔ ስንቅ አላመላልስም” ብላ በመቀስ ቆርጣዋለች።

፬ኛ፦ ስለ ውሳኔው። ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ “በናሙናው ክንፍ ላይ የተባለው መስመር አይታይም፤ የመራቢያ አካሉ ሥዕልም አልቀረበም፤ በመሆኑም ዝርያው አልተለየም።” ከሥሩ የእርስዎ ፊርማ አለ። አንዱን ጠርገው፣ ሌላውን ሰርዘው፣ “ሁለቱም የሉም” ብሎ መፈረም የማንም ሰው ችሎታ አይደለም። ሌባ እንኳ የሰረቀውን ሰውዬ “ንብረትህ የታል?” ብሎ ለመገሠጽ ይሉኝታ ይይዘዋል።

ያን ዕለት ልጅቷ ቤት ገብታ ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ “አባባ፣ በቃኝ። አክስቴ ሱቅ ገብቼ ጫማ እሸጣለሁ። ጫማ ቢያንስ ሲነካ አይጠፋም” አለችኝ። እኔ ቀልድ የማጣ ሰው አይደለሁም፤ ያን ዕለት ግን አጣሁ።

፭ኛ፣ ከሁሉም የሚበልጠው ምስጋናዬ። ከሦስት ሳምንት በፊት ፀጉሬን ልስተካከል ሄጄ ወረፋ ስጠብቅ፣ የተቋምዎን መጽሔት ጠረጴዛ ላይ አገኘሁ። ሽፋኑ ላይ እርስዎ፣ ጥርስዎን እስከ መንጋጋ ገልጠው፣ የእሳት እራቱን ከጉንጭዎ አስጠግተው ይዘዋል። አጉሊ መነጽሬን አውጥቼ አጎነበስኩ። ፎቶው የዚያ የጉብኝት ዕለት ነው፤ ፎቶግራፍ አንሺው የቀደመው ጣትዎ ወደ መሃል ሳይንሸራተት ነው፤ መስመሩ አለ፣ ክፍተቱ አለ፣ ነጥቧም አለች! ፀጉር አስተካካዩ “አባባ፣ ሰውዬውን እንዲህ ይወዷቸዋል እንዴ? ሊስሟቸው ደረሱ እኮ” አለኝ። “ዛሬ ብቻ ነው ልጄ” አልኩት።

የልጅ ልጄ ዋናውን ፎቶ ከአንሺው ተቀብላ፣ ፊትዎን ቆርጣ ጣለችና፣ ከተሰረዘው ሥዕል ጋር ለሌላ ተቋም መጽሔት ላከችው። በዐሥራ አንድ ቀን መልስ መጣ፦ ጸድቋል፣ በሚቀጥለው ወር ይታተማል። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው፤ ጣቱ ምን ይሠራል? እሷም ከፎቶው ሥር “አውራ ጣቱ መጠን ለማነጻጸር የቀረበ ነው” ብላ ጻፈች። በክንፉ ርዝመት አስልተን ስፋቱን ሃያ ሦስት ሚሊ ሜትር አግኝተነዋል። አንዳንድ ወዳጆች ዝርያው በስምዎ ይጠራ ብለው ነበር፤ ልጅቷ ግን “ምን በደለኝ?” ብላ እምቢ አለች። እንግዲህ ለሳይንስ ያበረከቱት ሃያ ሦስት ሚሊ ሜትር ነው፤ ብዙ ሰው ይህንንም ሳያበረክት ጡረታ ይወጣል።

ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ስብሰባዎ እንዲረዝምልዎ፣ ሣጥኖቹም ሁሉ በቁልፍ እንዲዘጉልዎ እየተመኘሁ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ወገቤ እስከፈቀደልኝ ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የቢራቢሮዋ አያት

ግልባጭ፦
ለፎቶግራፍ አንሺው፣ ከእውነተኛ ምስጋና ጋር

ማሳሰቢያ፦ ልጅቷ ጫማውን ትታዋለች። ዝናቡ ሲጥል ሁለተኛውን ፍለጋ በረሃ ትወርዳለች፤ መብራት ያዥ እኔ ነኝ። የፈቃድ መጠየቂያዋ ሰኞ ጠረጴዛዎ ላይ ይደርሳል። በሚፈርሙበት ጊዜ እባክዎን እስክሪብቶውን ብቻ ይንኩ።