አማቴና የማዘርቦርዱ ገዢዎች

ውድ እማማ፣

ይህን ደብዳቤ መነጽርዎን አድርገው፣ ተቀምጠው ያንብቡልኝ። በስልክ ልነግርዎ ስንት ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። «ደህና ናችሁ? በልታችኋል? በሉ ሂሳብ ይቆጥራል» ብለው ይዘጉታል። እኔ ደግሞ የያዝኩት ነገር «ደህና ነን» ተብሎ የሚያልቅ አይደለም። ሴት ልጅዎ ቤት ሥራ እንደማያጡ አውቃለሁ፤ ሕፃኑ ሲተኛ ጠብቀው ያንብቡት።

«ተሳካ» ብዬዎታለሁ። ምን እንደተሳካ፣ እንዴት እንደተሳካና እርስዎ ባይኖሩ ኖሮ ምን እንደምሆን ግን አልነገርኩዎትም።

ኮምፒውተሬ የተቃጠለ ጠዋት «ምን ሸተተ?» ብለው ከሳሎን የተጣሩት እርስዎ ነዎት። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ አልሸተተኝም፤ እርስዎ ምስር እየለቀሙ ሸተተዎት። ኮምፒውተሩን የሸጠልኝ ሰው ከፍቶ አየውና «ማዘርቦርዱ ነው፣ አልቆለታል» ሲለኝ ቤት መጥቼ አለቀስኩ። እርስዎ ግን መጀመሪያ የጠየቁኝ ማዘርቦርድ ምን እንደሆነ ነበር። ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚሰካበት ትልቁ ሰሌዳ ነው አልኩዎት። «እንግዲያው ለእሱ አይሰሰትም» አሉና ወደ ምስርዎ ተመለሱ።

ለምን እንዳለቀስኩ ያን ቀን በደንብ አላስረዳሁዎትም። የያዝኩት ሥራ ከቢሮ ወጥቼ በራሴ ስም የተቀበልኩት የመጀመሪያው ነበር። ገና መሠረቱ ያልተቆፈረ የገበያ አዳራሽ፣ ሰው ውስጡ እየተዘዋወረ የሚያየው አስመስዬ በፊልም ማሳየት ነበረብኝ። ሥራውን የሰጠችኝ አርክቴክት በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ለገበያው ኮሚቴ ልታሳየው ቀጠሮ ይዛለች። ካልደረሰልኝ ያለኝ መንገድ አንድ ነው፤ ወደ ቀድሞው አለቃዬ መመለስ። ያ ሰው ሥራ ስለቅ ፈገግ ብሎ «በሩ ክፍት ነው፣ ሲቸግርሽ ነይ» ብሎኛል። እሱ ቢሮ የሠራሁት ሥራ ሁሉ በእሱ ስም ነው የወጣው። ተመልሼ ያን ፈገግታ ከማይ ጉድጓድ ብገባ እመርጥ ነበር።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ ያገለገለ ማዘርቦርድ ከየትም ፈልጌ ልገዛ ተነሣሁ። ጫማዬን እያደረግኩ ሳለ «ቆይ እስቲ፣ የገዙት ሰዎች ምን ይላሉ?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስልኩን ከእጅዎ የሚያስጥል ጠፋ። ፊደሉን አተልቀው፣ ጣትዎን እያስኬዱ፣ መሸጫ ገጹ ላይ የስንት አገር ሰው ስለ ማዘርቦርዱ የጻፈውን አንድ በአንድ አነበቡት። እኔ ሥራዬ ሆኖ እንኳ እንዲያ አንብቤ አላውቅም።

ለገዢዎቹ ሁሉ ስም አወጡላቸው። በገዛበት ቀን «እንዲህ ያለ በዓለም የለም» ብሎ የጻፈውን «ሙሽራው» አሉት፤ «የጫጉላ ሰው ምን ያውቃል፣ ይቆይና ይንገረን» ብለው አለፉት። ካርቶኑ ተጨማድዶ ስለደረሰው ፋብሪካውንም አመላላሹንም የሰደበውን «ቁጡው» አሉት። ከሴት ልጁ ጋር ሆኖ የገጣጠመውንና ስድስት ወር ሲሞላው ተመልሶ የጻፈውን ግን «የልጅቷ አባት» ብለው ወደዱት። ምሳ ላይ ስለ እሱ ሲያወሩ የሰማ የሥጋ ዘመዳችን ይመስለው ነበር። ልጅዎ «እማዬ፣ ይሄን ነገር እኮ የሰፈር ሐሜት አደረግሽው» ቢልዎት፣ «ሐሜት ቢሆንማ ስማቸውን አውቅ ነበር» ብለው ዘጉት።

ከሁሉም ውዱን መረጡ። «የእሷ ሥራ ማሽኑን ቀንና ሌሊት ያለ ዕረፍት የሚያስሮጥ ነው። ርካሹን የገዙት እኮ ሲያለቅሱ ነው ያነበብኳቸው» አሉ። ዋጋውንማ እዚህ አልጽፈውም። ልጅዎ «በቃ ይገዛ» አለና ተነሥቶ ወጣ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው። ልጅዎ አውቶቡሱን እየነዳ መንገድ ላይ ነበር። የሱቁ ሠራተኞች እስከ ሳምንት ተይዘዋል ስለተባለ፣ ድሮ ገጣጥሜ ስለማውቅ እኔው እገጥመዋለሁ አልኩ። እርስዎ ብሎኖቹን በሻይ ማቅረቢያው ትሪ ላይ በየመጠናቸው ደረደሩልኝ። ሙቀት የሚያስወጣውን ብረት ልገጥም ስል እጄን ያዙኝ። «ላስቲኩ! ሥሩ ያለውን ላስቲክ ላጪው። ቁጡው እኮ ማሽኑ የጋለበት እሱን ሳይልጥ ገጥሞ ነው። ታች ላይ አፍሮ ጽፎታል።» አየሁት፤ እውነትም እንደ ሽንኩርት ቆዳ የሳሳ ላስቲክ ነበረበት። እርስዎ ባይኖሩ እንደነበረ እገጥመው ነበር።

ማብሪያውን ተጫንኩ። ማራገቢያዎቹ ዞሩ፣ ሰሌዳው ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ብርቱካናማ መብራት በራች። ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ጠበቅኩ፤ ጥቁር። አጠፋሁት፣ ሽቦውን ሁሉ ነቅዬ ሰካሁ፣ አበራሁት፤ ጥቁር። ደግሜ አጠፋሁት፣ አበራሁት፣ አጠፋሁት። ሻጩ ጋ ደወልኩ።

«እህቴ፣ ብርቱካናማው ከበራ ጥሩ አይደለም» አለኝ። «ይሄ ዕቃው ራሱ ችግር ሊኖርበት ይችላል። ንቀይውና ሰኞ ይዘሽው ነይ።»

ሰኞ! ሰኞ ወስጄው፣ ተለውጦ መጥቶ፣ ተገጥሞ፣ ያ ሁሉ ፊልም ማክሰኞ ጠዋት እንዴት ይደርሳል? ማብሪያውን ለመጫን እንደገና እጄን ስሰድ እርስዎ ወጥ ቤት ገብተው ከነበሩበት ብቅ አሉ።

«ስንት ጊዜ አጠፋሽው?»

«ሦስቴ። ሞቷል እማማ። የሞተ ነው የሸጡልኝ።»

«ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያ አስጀመርሽው ማለት ነው። የልጅቷ አባት ያለውን አልሰማሽም? የመጀመሪያ ቀን ስክሪኑ ጨልሞ ይቆያል። ራም የምትሉትን ዕቃ ገና እየተለማመደው ነው። ተበላሸ ብላችሁ አታጥፉት፣ ባጠፋችሁት ቁጥር እንደ አዲስ ይጀምራል ብሏል። ወግጂ ከዚያ።»

ራስዎ አበሩት። ከዚያም ወንበር ስበው በእኔና በማብሪያው መካከል ተቀመጡ። በጎን ዞሬ ልደርስበት ስል እግርዎን ዘርግተው ዘጉብኝ፤ ያንን የሚያምዎትን እግር።

«የበኩር ምጥ ነው» አሉኝ። «የበኩር ምጥ ደግሞ ይረዝማል። ጣጣ የሚያመጣው የቸኮለ አዋላጅ ነው።»

«እማማ፣ ይሄ እኮ ዕቃ ነው።»

«ዕቃም ቢሆን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ተቀመጪና አውሪኝ።»

እኔ ከእርስዎ ጋር ለብቻዬ ቁጭ ብዬ ምን እንደማወራ አላውቅም ነበር። ስንት ዓመት ምራትዎ ሆኜ፣ ስናወራ ወይ ስለ ምግብ ነው ወይ ስለ ልጅዎ ነው። አፌ ላይ የመጣልኝን ጠየቅኩዎት፤ ኮምፒውተር የማይነኩ ሰው፣ ይህን ሁሉ የማያውቁትን ሰው አስተያየት ለምን ያነባሉ አልኩዎት።

መነጽርዎን አወለቁና በቀሚስዎ ጫፍ ጠረጉት። የተናገሩትን ቃል በቃል ይዤዋለሁ።

«እኔ ስንት ልጅ እንደተቀበልኩ አላውቅም። አልቆጠርኩም። ልጁ ይመጣል፣ አጥበሽ ጠቅልለሽ ለእናቱ ትሰጫለሽ፣ በማግስቱ ይዛው ትወጣለች። በቃ። ከዚያ ወዲያ ሄደ? ተናገረ? ምን ዓይነት ሰው ወጣው? ማን መጥቶ ይነግረኛል? ሰው የሚመለሰው የከፋው ቀን ነው። ደህና ከሆነለት ይረሳል። እጄ አመድ አፋሽ ነው አልልም፤ ደህና ሆኖላቸው ነው የረሱኝ እላለሁ። እዚህ ግን አየሽ፣ ሰዎቹ ይመለሳሉ። ምንም ሳይከፋው፣ ለማያውቀው ሰው፣ ስድስት ወር ሆነው አሁንም ደህና ነው ብሎ ይጽፋል። ለዕቃ! እሱን ሳነብ ደስ ይለኛል።»

እጅዎ ጉልበትዎ ላይ ነበር፤ ልይዘው አስቤ አፈርኩ። ማራገቢያው ይዞራል፣ መብራቷ እንደበራች ነች። ስለ ማሽኑ እየረሳሁ ነበር።

ድንገት መብራቷ ጠፋች። ማሽኑ ራሱ ተዘግቶ ራሱ ተነሣ። ዘልዬ ተነሣሁ፣ እርስዎ ትከሻዬን ይዘው አስቀመጡኝ። ከዚያ ስክሪኑ ቦግ አለ። እርስዎም ከወንበርዎ ብድግ ብለው፣ ከለመደ አፍዎ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አሉኝ።

እንደዚያ ቀን የሳቅኩት ከመቼ ወዲህ እንደሆነ አላውቅም። እርስዎም እንባዎ እስኪፈስ ሳቁ። ልጅዎ ከመንገድ ደውሎ «ምን ሆናችኋል? ጀመረ?» ሲል መልስ የሚሰጠው አጣ።

እሑድ ጠዋት ሴት ልጅዎ የመውለጃ ቀኗ ደርሷል ተብሎ ተጠሩና ሄዱ። ማሽኑ ሌሊቱን ሲያወጣ ያደረው ፊልም ገና ከግማሽ አላለፈም። በሩ ላይ ቦርሳዎን ይዘው ቆመው «እንዳታጠፊው» አሉኝ እንጂ «ደህና ሁኚ» አላሉኝም። አላጠፋሁትም።

ሰኞ ከሰዓት አለቀ። ማክሰኞ ኮሚቴው ፊት ቀረበ። ከኮሚቴው አንዷ ራሷ ገበያ ውስጥ የምትሸጥ ትልቅ ሴት ነበረች። ሌሎቹ ስለ ጣሪያው ቅርጽ ሲከራከሩ እሷ «ከሰዓት ፀሐዩ በየት በኩል ነው የሚገባው? ዕቃዬን ይመታዋል ወይስ አይመታውም?» አለች። እኔ ፀሐዩን ከጠዋት እስከ ማታ አስገብቼው ነበርና መልሼ አሳየኋት። ጥላው መደቧ ላይ ሲያርፍ ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ሥራው ያለፈው በእሷ ነው ብላኛለች አርክቴክቷ፣ እኔም አምናለሁ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ስሜ ወጣ፣ እማማ። የእኔ ስም ብቻ፣ በነጭ ፊደል። አርክቴክቷ እዚያው ሌላ ሥራ ሰጠችኝ፤ በወሩ ደግሞ ጓደኛዋን ላከችልኝ። የቀድሞ አለቃዬም ወሬው ደርሶት ደውሎ ነበር። አመስግኜ ዘጋሁት፤ እንደ እርስዎ «ሂሳብ ይቆጥራል» ብዬ።

ማዘርቦርዱ ደህና ነው። ከጀርባው አንዱ መሰኪያ ሠርቶ አያውቅም፣ ማራገቢያውም ሲበዛበት እንደ ማንቆርቆሪያ ያፏጫል። ግን ቀናት ሙሉ ሲሠራ አንድም ቀን አላንገራገረም። ገጹ ላይ ገብቼ ይህንኑ ጽፌያለሁ፤ ሲያገኙኝ ምን ብለው ስም እንደሚያወጡልኝ እንጃ።

አሁን ደግሞ በስልክ ፈጽሞ የማልለው አንድ ነገር ልንገርዎ። ያን ቅዳሜ ስለ ሰው ልጆች ሲናገሩ እኔ በልቤ የያዝኩት የእርስዎን ልጅ ነበር። ስለ እሱ ለእርስዎ አፌን የምከፍተው ሲከፋኝ ነው። ካልሲውን የትም ይጥላል፣ አሥር ጊዜ ካልጠየቁት አይመልስም፣ ማንኮራፋቱ ጎረቤት ይቀሰቅሳል ስል ሰምተውኛል። ደህናውን ማንም አልነገረዎትም።

ያስወረደኝ ጊዜ እርስዎ የደረሱት ከቀናት በኋላ ነው። ቤቱን ሲያሰናዱ «ያ ለሠርጋችሁ የሰጠኋችሁ ነጭ አንሶላ የት ገባ?» ብለው ጠየቁ። ልጅዎ «ሻይ ደፋሁበት፤ አልለቅ ሲለኝ ጣልኩት» አለዎት። ተቆጡት። «እጀ ሰባራ! ሚስትህ ተኝታ አንተ አልጋ ላይ ሻይ ትጠጣለህ?» አሉት። አቀርቅሮ ሰማዎት፣ አንድ ቃል አልመለሰም። እኔ ከክፍሌ ሆኜ እሰማለሁ፤ የምናገርበት አቅም አልነበረኝም።

ከሐኪም ቤት ያመጣኝ ቀን እኔን ሌላው ክፍል አስተኝቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ያንን አንሶላ በእጁ ሲያጥበው ዋለ። የውሃውን ድምፅ ሰምቻለሁ። ያጥባል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ያጥባል። አልለቅ ሲለው፣ እኔ እንዳላየው ጠቅልሎ ይዞት ወጣ። ሲመለስ እጁ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። አጠገቤ ተቀምጦ ፀጉሬን አሰረልኝ። ማሰር አይችልም፤ ሁሉንም በአንድ በኩል አጣሞ ነው ያሰረው። እስከ ዛሬ አላነሳውም። የማውቅ አይመስለውም።

በሚቀጥለው ጉዞው በእናንተ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ሲመጣ ምንም እንዳልነገርኩዎት ሆነው ይቀበሉት። ያን ቀን የተቆጡትን ብቻ ከልብዎ ያንሱለት። ሻይ አልነበረም።

አመስጋኝዎ፣
ምራትዎ