ቋ፣ ቋ ብሎ ስለቀረው የመክፈቻ ምት

ለተከበሩ የሠራተኞች መዝናኛ ክበብ ሥራ አስኪያጅ፣
ግልባጭ፦ በማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ለሚያነብ ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንዴት ነው፣ ወገብዎን ተሻለዎት ወይ፣ እንቅልፍስ በደህና ይወስድዎታል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እንቅልፍ የሚባለውን ነገር ብቻ ማስታወቂያዎ ከተለጠፈ ወዲህ አላየሁትም፤ ምናልባት እሱንም ለክብሬ ሲሉ አሽገውልኝ ይሆናል።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የእርስዎን ደብዳቤዎች በታይፕ ስጽፍ የኖርኩ ሴት ነኝና፣ በዝግ ፖስታ የሚመጣልዎ አቤቱታ የት እንደሚያድር ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም። በነገራችን ላይ ያ የግራ መሳቢያዎ አሁንም ሲከፍቱት ያስቸግራል? እኔ በነበርኩበት ጊዜ ከመሙላቱ የተነሳ በጉልበት ነበር የሚዘጋው።

እርስዎ ነገሩን ያውቁታል፤ የማያውቁ አንባቢዎች ግን ግራ እንዳይጋቡ ከሥሩ ልጀምር። የእኔ ማድ ቤትና የክበቡ የፑል ክፍል የሚጋሩት አንድ ግድግዳ ነው። ከወዲህ በኩል የሰሐን ማጠቢያዬ አለ፣ ከወዲያ በኩል የቆየው ጠረጴዛ አለ። ባለቤቴ የክበቡ አናጢ ነበር፤ ወጣቶቹ «ጋሼ ቀስ በቀስ» ይሉት ነበር፣ እውነታቸውን ነው። ሲበላ ቀስ ብሎ፣ ሲያወራ ቀስ ብሎ ነበር፤ ዛሬ ያስቀየምኩት ሰውዬ የሚቆጣው ነገ ነበር፣ እኔም ነገ እስኪደርስ እረሳውና ምን ሆነህ ነው ብዬ እንደገና አስቀይመው ነበር።

ይህ ዘገምተኛ ሰው ታዲያ ስቴካ፣ የፑል መምቻውን ዘንግ፣ ሲይዝ ሌላ ሰው ይሆናል። መጋዝ ቢሰጡት ጣውላውን በክር እንደተለካ ይሰነጥቀዋል፣ በፑል ጠረጴዛ ላይ ግን የመክፈቻው ምት፣ ማለትም በሦስት ማዕዘን የተደረደሩትን ኳሶች የሚበትነው የመጀመሪያው ምት፣ እንደ እብድ ነበር የሚወጣለት። ክንዱ ይወላገዳል፣ ነጯ ኳስ ከጠረጴዛው ተፈናጥራ ሰው ላይ ታርፋለች። አንድ ጊዜ በሒሳብ ሹሙ ቆብ ውስጥ ተገኘች። ሌላ ጊዜ ደግሞ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የእርስዎን ክቡር ፎቶግራፍ መስተዋት ሰነጠቀች፣ ስንጥቁም በአፍንጫዎ ላይ አለፈ። ያኔ የተጻፈለትን ማስጠንቀቂያ በታይፕ የመታሁት እኔው ነበርኩ። «በግዴለሽነት» የሚለውን ቃል እርስዎ ፊደል አጉድለው ጽፈውት ስለነበር አርሜ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ ከእራቱ ጋር አቀረብኩለት። በማግስቱ ተቆጣ። ከዚያ በኋላ ነው መሪውን የሠራው።

መሪው ምን እንደሆነ ለማያውቅ፦ በሁለት ጣውላ የተሠራ፣ ውስጡ በአሮጌ የጠረጴዛ ጨርቅ የተለበጠ፣ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በብሎን የሚታሰር ቦይ ነው። ስቴካው በቦዩ ውስጥ ይገባል፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም መንቀሳቀስ አይችልም። ከበስተኋላው የእንጨት ምላስ አለው። ክንድዎን ቀጥ አድርገው እስከ መጨረሻው ከሳቡት ምላሱ ቋ ይላል፤ ክርንዎ ከተንጋደደ ወይም አሳጥረው ከሳቡት ዝም ይላል። የባለቤቴ ደንብ ደግሞ እንዲህ ነበር፦ አንድ ጊዜ ይስባል፣ ቋ። ይመልሳል። ሁለተኛ ይስባል፣ ቋ። እዚያው፣ ክንዱ ወደ ኋላ እንደተሳበ፣ አንድ ትንፋሽ ያህል ይቆያል። ከዚያ ይለቀዋል፣ ጓ ብሎ የኳሱ መንጋ ይበተናል። በወራት ልፋት ምቱ እንደ መጋዙ ቀና፤ የእርስዎም ፎቶግራፍ በሰላም ሰነበተ።

አንድ ስህተት ብቻ ሠርቷል። መሪውን የለካው በራሱ ክንድ ነው፤ ሌላ ሰው ሌላ ክንድ እንዳለው ትዝ አላለውም። ስለዚህ ረጅሙ ጎንበስ ብሎ፣ አጭሩ ተንጠራርቶ፣ በመሪው የተለማመደ ሁሉ በመጨረሻ የባለቤቴን አመታት ይዞ ይወጣ ነበር። ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ስሰማ እሱ ይሁን ልብስ ሰፊው፣ ሾፌሩ ይሁን ሌላ ሰው፣ መለየት አቅቶኝ እራት አቀርብና ባዶ ወንበር ፊት እቀመጥ ነበር። እሱም ዘግይቶ ይመጣና ቀስ ብሎ ይስቅብኝ ነበር።

አሁን ወደዚያ ቀን ልሂድ፤ ባልሄድበት ደስ ይለኝ ነበር። አመሻሽ ላይ ነው፣ ሰሐን እያጠብኩ ነው። ቋ አለ። ቋ አለ። እጄ ላይ ጎድጓዳዋ ሰሐን አለች፣ ውሃው ይፈሳል፣ ጓ እስኪል እጠብቃለሁ። አላለም። ይሄ ሰውዬ ዛሬ ደግሞ ባሰበት አልኩ በሆዴ። ውሃውን ዘጋሁት፣ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አደረግኩ። ምታው እንጂ አልኩት። ከዚያ ወንበር ሲንኳኳ ሰማሁ፣ የልብስ ሰፊውን ጩኸት ሰማሁ፣ ቀጥሎ የሆነውን አልሰማሁም ወይም ሰምቼ ረስቼዋለሁ። ልቡ ነው አሉ። ክንዱ ተስቦ እንዳለ ነው ልቡ የቆመችው። ሌላ ሴት የባሏን ሞት በስልክ ትሰማለች፣ በመልእክተኛ ትሰማለች፤ እኔ ሳይመጣ በቀረ ድምፅ ሰማሁ።

ከለቅሶው በኋላ ክፍሉ ጭር ብሎ ሰነበተ። እኔም በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ተቀረቀርኩ። ሰሐን በያዝኩ ቁጥር ቋ፣ ቋ ይላል፣ እጠብቃለሁ፣ የሚመጣ የለም። ጎረቤት ትንሽ አየር ቀይሪ አለኝ፣ እህቴ ነይ እኔ ጋ ሰንብቺ አለች፣ ሄድኩላት፤ የእሷም ማድ ቤት ቋ፣ ቋ ይላል። ከዚያ አንድ አመሻሽ ልብስ ሰፊው፣ ወዳጁ፣ ጨክኖ በመሪው ቆመ። ቋ። ቋ። ትንፋሼን ያዝኩ። ጓ! ሰሐኗን አስቀምጬ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ከተቀበረ ጀምሮ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም። የጀመረውን የሚጨርስለት ሰው ተገኘ። ከዚያን ቀን ወዲህ በየምሽቱ አንዱ ይመታል፣ እኔም ሰሐኔን አጥቤ፣ መብራቴን አጥፍቼ እተኛለሁ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ የገቡት በዚህ ጊዜ ነው፤ ምስጋናዬንም በተራ በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ማንም ሳይጠይቅዎ፣ እኔም ቤት አንኳኩተው «ምን ይሻልሻል» ሳይሉኝ፣ «ለሟቹ ባለቤት ሐዘን ክብር ሲባል» የፑል ክፍሉ ከነጠረጴዛውና ከነመሪው ታሽጎ መታሰቢያ እንዲሆን፣ ቁልፉም በእርስዎ እጅ ብቻ እንዲቀመጥ በማስታወቂያዎ ስለወሰኑልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ክብሬን እንዲህ አድርጎ የቆለፈልኝ ሰው እስከዛሬ አልገጠመኝም። መሪው ላይ ሰማያዊ ሪባን አስረውበታል ሲሉ ሰማሁ። ባለቤቴ ሪባን የሚባል ነገር አይወድም ነበር፣ ግን እሱን አሁን ማን ይጠይቀዋል?

፪ኛ. በማዶው አዳራሽ ላለው አዲሱ ጠረጴዛ ዘመናዊ የመለማመጃ መሣሪያ ስላስመጡ ደስታዬ ወሰን የለውም። ቀይ ብርሃን ያበራል፣ የምቱን ፍጥነት በስልክ ይናገራል፣ ድምፅ ግን የለውም ይባላል። ወጣቶቹ ሁሉም በየራሳቸው ክንድ ይመታሉ አሉ፤ በጣም ጥሩ፣ ሰው በራሱ ክንድ ይምታ። የእኔ ችግር የባለቤቴን ክንድ የት እንዳስቀመጡት አለማወቄ ነው።

፫ኛ. አጽናኝ ኮሚቴ ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ባርኔጣቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ከዚህ በኋላ የሚረብሽሽ ድምፅ የለም እያሉ አበሰሩኝ። የረበሸኝ ዝምታው ነው አልኳቸው። ተያዩ። አንደኛው፣ መልካም ሰው ነው፣ ሐዘን ሲበዛ ጆሮ ያታልላል አለኝ፣ ሐኪም ዘንድ እንድሄድም መከረኝ። ክቡር ሆይ፣ ጤነኛ መሆኔን በዚህ አጋጣሚ ላረጋግጥልዎ እወዳለሁ። ባለቤቴ እንደሞተ አውቃለሁ። ፊቱን ገልጬ አይቼዋለሁ፣ አፈሩ ሲመለስ ቆሜ ነበር። ሙታን ፑል እንደማይጫወቱም አውቃለሁ። ክፍሉ ከታሸገ ወዲህ ግን በእራት ሰዓት እንደገና ቋ፣ ቋ ይላል። ዘበኛው ነፋስ ነው፣ ምላሱን እያንቀሳቀሰው ነው ይላል፣ ያለው ይሁን፤ እሱ ራሱ ግን በዚያ ኮሪደር ማለፍ ትቶ በጓሮ ዞሮ ነው የሚገባው።

፬ኛ. ይህን ሁሉ ደግነት የሚያስረሳ ሌላ ደግነት ደግሞ በመንገድ ላይ እንዳለ ሰማሁ፦ በመጪው ሳምንት ሠራተኞች መጥተው ግድግዳውን ድምፅ በሚያፍን ስፖንጅ ይሸፍኑልኛል። ስፖንጁ ግራጫ እንደሆነም ተነግሮኛል፣ ስለ ቀለሙ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፦ ቋ ቋ የሚለው በጆሮዬ ውስጥ ከሆነ፣ እናንተ እንደምትሉት፣ ስፖንጁ እሱን አያፍነውም፤ የሚያፍነው ከወዲያ ሊመጣ የሚችለውን ጓ ነው። ይህን ካደረጉ እስክሞት ድረስ በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ይዘጉብኛል። እፈራለሁ ክቡር ሆይ። ይህን ቃል በአሽሙር አይደለም የጻፍኩት፣ እንደተጻፈ ያንብቡት።

ስለዚህ የምለምነው ትንሽ ነው። ክፍሉን ይክፈቱ፣ ሪባኑን ይፍቱ፣ ስፖንጁን ለሚወዱት ሰው ግድግዳ ይስጡት። ልብስ ሰፊው በእጁ ስቴካ ይዞ በር ላይ ቆሞ ነው ያለው፤ ሾፌሩም አለ፣ ሌሎቹም አሉ። በመሪው ይቁሙና ይምቱ፣ ኳሱ ቢፈናጠር፣ ፎቶግራፍዎ ደግሞ ቢሰነጠቅ መስተዋቱን እኔ አስለውጣለሁ። መታሰቢያ ማለት ይህ ነው፣ እኔ የማውቀው። መልስዎን በደብዳቤ መላክ አያስፈልግም፤ በግድግዳው በኩል ከመጣ ይበቃኛል።

ይህን አቤቱታ እስከዚህ ድረስ በትዕግሥት ላነበቡት ዐይኖችዎ ብርሃን፣ ለቁልፍ ቀለበትዎ ብርታት፣ ለወገብዎ ምሕረት እየተመኘሁ፣ ሊለጠፍ ካለው ስፖንጅ በወፈረ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ሰሐን ይዛ የምትጠብቅ ጎረቤትዎ፣
የአናጢው ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ያለፈው እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ክበቡ ዝግ በሆነበት ሰዓት፣ ከግድግዳው ማዶ ቁልፍ ሲሽከረከር ሰማሁ። ኳሶቹ በሦስት ማዕዘኑ ውስጥ ሲሰበሰቡ ሰማሁ፣ የስቴካው ጫፍ በጠመኔ ሲታሽ ሰማሁ፣ ያችን ደረቅ ሳልዎንም ሰማኋት፤ ዕድሜ ልኬን ከታይፕ ድምፅ ጋር ስሰማት የኖርኩት ሳል ናት፣ ከማንም ሳል ጋር አላምታታትም። ቋ አለ። ቋ አለ። ይምቱ አልኩዎ፣ ሁለት እጄን ግድግዳው ላይ አድርጌ፣ በእናትዎ ይምቱ አልኩ። ስቴካውን ቀስ ብለው ጨርቁ ላይ አስተኙት፣ በሩን ቆልፈው ሄዱ። ለምን ብዬ አልጠይቅዎትም፤ በመሪው ውስጥ ያገኙት ክንድ የእርስዎ እንዳልነበረ ገምቻለሁ። ብቻ ለማስታወቂያዎ ይሆንዎት ዘንድ ልንገርዎ፦ ከዚያ ክፍል ክንዳቸውን ስበው ሳይመቱ የወጡ ሰዎች አሁን ሁለት ሆነዋል፣ በእግራቸው የወጡት እርስዎ ብቻ ነዎት።