ናና አይወቀጥም

የኔ ጌቱ፣

ከተለያየን ዓመት ሊሆነን ነው። ያኔ የናዝሬት ሙቀት መላ አሳጥቶን ነበር፤ ክረምቱ መጣ፣ ሄደ፣ አሁን ደግሞ ያ የምትጠላው አቧራ ያዘለ ነፋስ ተመልሷል። አንተ ግን ሥራ ላይ እንዳለህ ልብህ ከዳህና በዚያው ቀረህ። ደህና ነህ ወይ ብዬ እንዳልጠይቅህ ምን ብለህ ትመልስልኛለህ? እኔ ደህና ነኝ። ሰው ሲጠይቀኝ ደህና ነኝ እላለሁ፣ ምን ልበል ታዲያ።

ቤቱን ብታየው ትስቅብኛለህ። ዛሬ ነገ ስትለኝ የኖርከውን የግቢ በር በአንድ ጠዋት አሠራሁት። አሁን ሲከፈት አይጮህም፤ እኔም ማን መጣ ብዬ ቀና ማለቴን ትቻለሁ። ሶፋውን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። እህትህ ደግሞ ለእኔ አዝና ልብሶችህን ሁሉ ሰብስባ አጠበቻቸው፤ አንድ ሳይቀር፣ ጋቢህን ጭምር። ደግ የሠራች መስሏት ነው፣ ምን እላታለሁ? አንዱን ሸሚዝህን አንስቼ ፊቴ ላይ ባደርገው ሳሙና ሳሙና ብቻ ይላል። ጌቱዬ፣ የዛን ቀን ነው በደንብ የሞትክብኝ።

ናናህም ከአንተ ጋር ሄዶ ነበር። ከደራ፣ ከእናትህ ጓሮ፣ ሥሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለህ፣ በሚኒባስ ጭንህ ላይ ታቅፈህ ያመጣኸው ናና። የእድር ሰዎች ግቢው ስለጠበባቸው የለቅሶውን ድንኳን የናናው መደብ ላይ ተከሉት፣ አንዱን ካስማ መሃሉ ላይ መቱት። ለቀስተኛው ሲገባ ሲወጣ ረገጠው። ሲረገጥ ደግሞ ሽታው ተነሣ። ፍራሽ ላይ ነጠላዬን ተከናንቤ ተቀምጬ ድንገት ሲሸተኝ ከሥራ የገባህ መስሎኝ ቀና አልኩ። ሰዎቹ ምን እንደሆንኩ አላወቁም፣ አይዞሽ አሉኝ።

መቼም ከዚያ ሆቴል ባንኮኒ ጀርባ ወጥተህ ስትመጣ እጅህ ሁልጊዜ ናና ናና ይል ነበር። ሰኞ ዕረፍትህ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ለሰው ስትቀዳ ከርመህ ሰኞ አመሻሽ ላይ ለራስህ አንዲት ብቻ ትሠራለህ። ፈረንጆቹ ጁሌፕ ይሉታል ብለኸኝ ነበር፤ ለእኔ የሰኞ መጠጥ ነው። በረዶውን በንጹሕ ፎጣ ጠቅልለህ በዘነዘና ትቀጠቅጣለህ፣ ስኳሩን በጥቂት ውሃ ታሟሟለህ፣ ናናውን መዳፍህ ላይ አድርገህ አንድ ጊዜ ታጨበጭባለህ። ከዚያ ውስኪው፣ ከዚያ በረዶው፣ ከዚያ ያ የብረት ኩባያህ በላብ እስኪጠመቅ ማማሰል። ለእኔ ውስኪው ይቀርና ሎሚ ይገባበታል። የጴንጤ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ባርማን ላገባ ነው ስለው ስንት ቀን አኩርፎኛል። አንተ ግን አንድም ቀን ቅመሺ ብለኸኝ አታውቅም፣ እኔም ሥራህን ተው ብዬህ አላውቅም። እንዲህ ሆነን ነው በፍቅር የኖርነው።

የጀመርከው የውስኪ ጠርሙስ ከብርድ ልብሶቹ ጀርባ ነበር። እህት ብርቱካን ከቤተ ክርስቲያን ልታጽናናኝ በመጣች ቁጥር ይህን ነገር ከቤትሽ አውጪው ትለኛለች። እሺ እላታለሁ። ልደፋውም ቆርጬ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ግን ካስማው በተነቀለበት ጉድጓድ አጠገብ ናናው ብቅ አለ። ያኔ አንድ ሐሳብ ያዘኝ፤ ከመድፋቴ በፊት አንዴ የሰኞ መጠጥህን ልሥራና ሽታህን ወደ ቤቱ ልመልሰው አልኩ።

ታውቀኛለህ፣ ችኩል ነኝ። ያሉትን ቅጠሎች በሙሉ ቀንጥሼ ሙቀጫ ውስጥ ከትቼ ወቀጥኳቸው። ያ ዕድሜ ልኬን ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የወቀጥኩበት ሙቀጫ! ውስኪውንና በረዶውን ጨምሬ ባሸተው፣ ምን አለፋህ፣ በረዶ የገባበት ድልህ ነው የሆነልህ። ሳቅሁ፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረብኝ። ናናው አልቋል፣ ጠርሙሱ ውስጥ የቀረችው ለአንድ ኩባያ የምትሆን ናት፣ የአንተ ሽታ የለም። ያኔ ነው አንድ ሰኞ ላግዝህ ብዬ ዘነዘናውን ሳነሣ ከእጄ ነጥቀህ ያልከኝ ትዝ ያለኝ። «ናና አይወቀጥም፣ ይቀሰቀሳል እንጂ» ነበር ያልከኝ።

ስለዚህ ናናው እንደገና እስኪያቆጠቁጥ ጠበቅሁ። ጠዋት ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ እሱን አጠጣለሁ። ባለፈው ሰኞ አመሻሽ በረዶ ከጎረቤት ለምኜ ሁሉንም እንደ አንተ አደረግሁ። ቅጠሎቹን መዳፌ ላይ አስቀመጥኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩና አንድ ጊዜ አጨበጨብኩ።

መጣህ። በኩሽናው በር ገብተህ ከኋላዬ ቆምክ። ዞር አላልኩም፤ ዞር ብል እንደማትኖር አውቃለሁ። ኩባያህን በአንተ ቦታ፣ ሎሚዬን በእኔ ቦታ አድርጌ ተቀመጥኩ። የእኔን ጠጣሁ። የአንተ በረዶ ቀስ እያለ ሟሟ፣ ማንም አልነካውም። ሲጨላልም አንስቼ ማጠቢያው ውስጥ ደፋሁት። እጄን ግን አልታጠብኩም። እራትም ሳልበላ መዳፌን ጉንጬ ሥር አድርጌ ተኛሁ።

ትናንት እህት ብርቱካን ያ ጠርሙስስ ብላ ጠየቀችኝ። ደፋሁት አልኳት። ጌታ ይመስገን አለች። አልዋሸኋትም።

ውስኪው አለቀ፣ ሌላ አልገዛም። ናናው ግን መደቡን ሞልቶ ወደ አጥሩ እየሄደ ነው። ዛሬ ሰኞ ነው፤ ይህን ጽፌ ስጨርስ ወጥቼ ሁለት ቅጠል እቀነጥሳለሁ፣ አንድ ጊዜም አጨበጭባለሁ። ሰኞ ሰኞ እንዲሁ አደርጋለሁ። ጎረቤት ቢሰማ፣ ይህች ሴት በባዶ ቤት ለማን ታጨበጭባለች ይበል። ለአንተ ነው። እኔ አርጅቼ ስምህ ቢጠፋብኝ እንኳ እጄ አይረሳህም።

ያንተዋ አልማዝ