የኔትወርኩ ጥፋት

ይድረስ ለእታለም፦

እንደምን ሰነበትሽ? እኛን ከናፍቆትሽና ከኔትወርኩ በቀር የሚያስቸግረን የለም። አዲሱ የመኪና እሽቅድምድም ጌም ወጥቷል፤ ግራፊክሱ አፍ ያስከፍታል። አባባ ግን ገና ሳይጀምር ከግንብ ተላተመና "ምን ዓይነት ጭጋግ ነው የሞሉበት?" ብሎ ጆይስቲኩን አስቀመጠ። መንገዱ ፀሐያማ ነበር።

በቪዲዮ ስትደውዪም ፊትሽ ደበዘዘብኝ እያለ ያማርራል። ራውተሩን ቀየርኩ፣ አፑን አደስኩ፤ ለእኔ ጥርት ብለሽ ትታዪኛለሽ። "አንተ የኮምፒውተር ሊቅ፣ ይህችን ማስተካከል አቃተህ?" ብሎ ይስቅብኛል።

ትናንት ኢንተርኔቱ ጨርሶ ተቋርጦ ዋለ። አባባ ግድግዳው ላይ ያለውን የምረቃ ፎቶሽን በእጅጌው ጠርጎ ጠርጎ፣ "ዛሬም ኔትወርኩ አልተስተካከለም" አለኝ።

"አዎ አባባ፣ ኔትወርኩ ነው" አልኩት።

በሉ ሰላም ሁኑልን፣ አንቺም ልጆቹም። ዘንድሮ ግን በስክሪን ሳይሆን በበር ግቢልን።

ወንድምሽ