ከሷ ደብተር የገለበጥኩት

ጥቅምት 3
አጥሩን ቀለም ቀባሁ። ግማሹን። ደከመኝ… ውሃ ብጠጣ ብጠጣ አልረካ አልኩ። ሐኪሙ አንጀቴ ላይ ያለውን እጢ በ18 ያወጣዋል። እስከዚያ ኪኒን እየዋጥኩ፣ ስኳሬን ጠዋት ማታ እየለካሁ ደብተር ላይ ልጽፍ። "ስኳሩ ካልወረደ ቢላ አላነሳም" አለኝ። እኔ ነኝ ስኳር ያለብኝ? ሠላሳ ዓመት ድንጋይ የተሸከምኩ ግንበኛ?

ጥቅምት 5
ጣቴን ወጋሁ። 312። ውሸቱን ነው። ደግሜ ወጋሁ። 309። ይሄን አይተው ቀጠሮውን ቢሰርዙትስ? ልጄ ደወለች።
"አባዬ፣ ለካህ?"
"እንደ ጎረምሳ ነኝ።"
"ኪኒኑስ?"
"ውጫለሁ።"
አልዋጥኩም። ሆዴን ይረብሸኛል።

ጥቅምት 6
መሳቢያ ውስጥ የሟች ሚስቴን ደብተር አገኘሁ። ስኳሯን የምትለካበትን። 118። 124። 109። እንዴት ደስ ይላል… አንድ ገጽ ወደ ደብተሬ ገለበጥኩ። 62ም አለ። ከሁሉም ዝቅ ያለ፣ ከሁሉም ጥሩ። ማን ያውቅብኛል?

ጥቅምት 17
ሆስፒታል ገባሁ። ነርሷ ለካችኝ። 346።
"አባባ፣ ደብተርዎ ላይ 118 ይላል።"
"መሣሪያችሁን አሠሩት።"
እሷ ሳቀች። ሐኪሙ አልሳቀም። "በዚህ ስኳር ብንቀድድዎ ቁስሉ ይመግላል፣ ስፌቱ ይለቃል።" ቀዶ ጥገናው ተላለፈ። እጢው አንጀቴን ከዘጋው ግን…
ልጄ ደብተሬን አገላበጠች። ከዚያ "አባዬ፣ ይቺ 62 እማዬ ስኳሯ ወርዶ ኩሽና የወደቀች ቀን ናት። እኔ ነኝ የጻፍኳት።"
ደብተሩን ከእጇ ወስጄ ዘጋሁት።
"ጣቷን በወጋች ቁጥር 'አንቺና መርፌሽ' እያልክ ትስቅባት ነበር" አለችኝ።
እውነቷን ነው። እስቅ ነበር።

ጥቅምት 20
ኢንሱሊን ጀመሩኝ። 288። እንዳለ ጻፍኩ።

ጥቅምት 26
211። ሆዴ ተነፋ። ፈራሁ… ለማንም አልተናገርኩም።

ኅዳር 2
164። "ከነገ ወዲያ" አለ ሐኪሙ።

ኅዳር 5
ትናንት ቀደዱኝ። እጢው ወጣ። በሰመመን ተኝቼም ሲለኩኝ ነበር አሉ። አሁንም በየሰዓቱ ይወጉኛል።
"አባባ፣ ዛሬ አይቆጡም?" አለች ነርሷ።
"ስንት ነው?"
"152።"
ልጄ የእናቷን ደብተር ይዛ መጥታለች።
"እኔ ልጻፍልህ?"
"እጅ የለኝም?"
እስክሪብቶውን ተቀበልኳት። ከሚስቴ የመጨረሻ ቁጥር ሥር ጻፍኩ። 152። ተንጋዷል። ግን የኔ ነው።